ሰጋቱራ፣ ብቅልና የታነቀ ወፍጮ

ሰሞኑን በአንድ ቀን ሦስት ሰው ያንኑ ቪዲዮ ላከልኝ። ከበስተኋላ ሙዚቃ፣ ከፊት የማይታወቅ ሰው ድምፅ፣ መሐል ላይ ደግሞ በአንድ አፉ ሰጋቱራ እየዋጠ በሌላ አፉ ነጭ ስኳር እንደ በረዶ የሚያዘንብ ማሽን። «ሳይንቲስቶች እንጨትን ስኳር የሚያደርግ ሜምብሬን ሪአክተር ፈለሰፉ፤ የስኳር ወረፋ ታሪክ ሆነ» ይላል። ማታ አክስቴ ደወለች። እሷ ጋ የደረሰው ተገልብጦ ነው። «ሱቅ የሚሸጡልን ስኳር ከባሕር ዛፍ የተሠራ ነው አሉ። ደግሞ ሪአክተር ያለበት ነገር ጨረር አይኖረውም? አንተ እንዲህ ያለውን ተምረህ የለም እንዴ?»

ተምሬያለሁ። የተናደድኩትም ለዚያ ነው። ዕድሜዬን ካሳለፍኩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሜምብሬን የሚባለውን ነገር ማጠብ ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ልመልስ። እንጨት ስኳር ይወጣዋል? ይወጣዋል። አዲስ ግኝት ነው? አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ሱቅ ያለው ስኳር ከባሕር ዛፍ ነው? አይደለም፣ ሊሆንም አይችልም። ጨረርስ? ሪአክተር ማለት ነገር ከነገር ተገናኝቶ ሌላ ነገር የሚሆንበት ዕቃ ማለት ነው። በዚህ አነጋገር የአክስቴ የጠላ ጋን ሪአክተር ነው።

ግማሹን ጥፋት ያመጣው «ስኳር» የሚለው ቃል ነው። ለባለሱቁ ስኳር በኪሎ የሚመዘን ነጭ ነገር ነው። ሐኪም ቤት ስኳር በሽታ ነው። ለኬሚስት ደግሞ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም ነው፤ ከልጆቹ አንዱ ግሉኮስ ነው (በሽተኛ ላይ «ጉሉኮስ ተሰቀለለት» ሲባል የምንሰማው)፣ ሌላው የፍራፍሬና የማር ጣፋጭነት የሆነው ፍሩክቶስ። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ሁለቱ እጅ ለእጅ የተያያዙበት ጥንድ ነው። የእንጨት ሴሉሎስ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ብቻ ነው፤ ፍሩክቶስ የሚባል የለበትም። እንግዲህ እንጨቱን የፈለገውን ያህል ብናደቅቀው የሻይ ስኳር አይወጣውም። የሚወጣው ከሻይ ስኳር ያነሰ ጣፋጭነት ያለው፣ እርሾ ግን ደስ ብሎት የሚበላው ግሉኮስ ነው። ከእንጨት የመጣ ጣፋጭ ቀምሰው የሚያውቁ ሰዎች ካሉ የቀመሱት በማስቲካ ነው፤ «ስኳር የሌለበት» በሚባለው ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል መጀመሪያ በብዛት የተመረተው ፊንላንድ ውስጥ ከበርች ዛፍ ነበር።

ታሪኩንም ባጭሩ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1819 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሄንሪ ብራኮኖ አሮጌ የበፍታ ጨርቅ በሰልፈሪክ አሲድ አብስሎ ስኳር አወጣበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀርመኖች እንጨትን በአሲድ እያፈረሱ ለአልኮልና ለእርሾ የሚሆን ስኳር ያመርቱ ነበር። አሲድ ሥራውን ይሠራል፤ ግን ጨካኝ ነው። ብረቱንም ይበላል፣ ያወጣውን ስኳር ራሱንም መልሶ ያቃጥላል። ለዚህ ነው ሰው ዓይኑን ወደ ኤንዛይም ያዞረው።

የእንጨትን አሠራር ትምህርት ቤት ስለተማርነው አልዘገይበትም። ግማሽ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው ክብደቱ ሴሉሎስ ነው፤ ግሉኮስ ከግሉኮስ ተቀጣጥሎ የተፈተለ ረጅም ክር፣ በአንዱ ክር ላይ ብቻ እስከ 10,000 ግሉኮስ ያለበት። ቀሪው ሄሚሴሉሎስ የሚባል አጭርና ቅርንጫፋም ዘመዱና ሁሉንም እንደ ሙጫ ይዞ የሚያቆመው ሊግኒን ነው። ጥጥ ከሊግኒን ነፃ የሆነ ሴሉሎስ ነው ማለት ይቻላል። ይህን የምጽፈው ጋቢ ለብሼ ነው፤ ጋቢው አንድ ሁለት ኪሎ ግሉኮስ ነው። ብልሰው ግን አይጣፍጥም።

ለምን አይጣፍጥም? የእህል ስታርችም ከዚያው ከግሉኮስ የተቀጠለ ነው፤ እንጀራ ብናላምጠው ግን አፋችን ውስጥ መጣፈጥ ይጀምራል። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ስለሚዞሩ ክሩ እንደ መሶብ አለላ ይጠመዘዛል፤ ውሃም ኤንዛይምም በመሐሉ ይገባል። በሴሉሎስ ውስጥ እያንዳንዱ ግሉኮስ ለጎረቤቱ ጀርባውን ይሰጣል፤ ስለዚህ ክሩ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ክር ከክር ይጣበቃል፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይደረደራል። መሐሉ ውሃ አያስገባም።

ኤንዛይም የሚለው ቃል የሚያስፈራው አንባቢ ካለ ብቅልን ያስብ። ገብሱ ርሶ ሲበቅል በውስጡ ስታርችን የሚቆራርጡ ኤንዛይሞች ይፈጠራሉ። ጠላ ጠማቂዋ ብቅሉን ፈጭታ ከእንኩሮው ጋር ስትደፈድፍ ያ ኤንዛይም ስታርቹን ስኳር ያደርገዋል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል። ጌሾው ለምሬቱ ነው። ኢትዮጵያዊት እናት ይህን ኢንዱስትሪ ያለ ቪዲዮና ያለ ሙዚቃ ስታካሂድ ኖራለች። ጥያቄያችን እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ ለእንጨት የሚሆን ብቅል ከየት ይገኛል?

ከድንኳን ተገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ሠራዊት በደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች ሲዋጋ የጥጥ ድንኳኑ፣ ቀበቶው፣ ሸራው ሁሉ እየበሰበሰ አስቸገረው። የበሰበሰው ናሙና አሜሪካ ተልኮ ተመረመረ። ከሰሎሞን ደሴቶች ከመጣው አንዱ ሻጋታ ላይ ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንደልስ በማሳቹሴትስ ናቲክ በሚገኘው የሠራዊቱ ቤተ ሙከራ ለዓመታት ሠሩ። መጀመሪያ ዓላማቸው ድንኳንን ከሻጋታ ማዳን ነበር። ኋላ ግን ጥያቄው ተገለበጠ፤ ይህን ያህል የሚያጠፋ ከሆነ ለምን አናሠራውም? ሻጋታው በ1977 በሪስ ስም ትራይኮደርማ ሪሴይ ተባለ። ዛሬ በኢንዱስትሪ ውስጥ የሚሠሩት የትራይኮደርማ ሪሴይ ዝርያዎች የዚያ የአንድ ናሙና ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ሻጋታው አንድ ኤንዛይም አይደለም የሚተፋው፣ ጓድ ነው። አንዳንዶቹ ክሩን መሐል ለመሐል ይበጥሱታል። ሌሎቹ ከተበጠሰው ጫፍ ይዘው ጥንድ ጥንዱን እየቆረጡ ይጓዛሉ። ሦስተኞቹ ጥንዱን ለሁለት ይከፍሉታል። ስለ መጀመሪያዎቹ ሌላ ሰው ይጻፍ፤ ወደ ሦስተኞቹ እመለሳለሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ መሐለኛው ነው፤ ስሙ ሴል ሰባት ኤ።

ቅርፁ በ1994 በስዊድን ኡፕሳላ በሚሠሩ ሰዎች ሲገለጥ ሆዱ ውስጥ ዋሻ ተገኘ፣ 5 ናኖሜትር ያህል የሚረዝም። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ዋሻው ውስጥ በረድፍ 10 የግሉኮስ መቀመጫ አለ። የሴሉሎሱ ክር ጫፍ በአንዱ በር ይገባል፣ ሰባቱን መቀመጫ ተራ በተራ ይዞ ያልፋል፤ በሰባተኛውና በስምንተኛው መቀመጫ መካከል መቁረጫው አለ። እዚያ ሲደርስ አንድ ሞለኪውል ውሃ ገብቶ ክሩ ይቆረጣል። የተቆረጠው ጥንድ ግሉኮስ ነው፤ ሴሎባዮስ ይባላል። ጥንዱ በኋላው በር ሲወጣ ክሩ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሳባል፣ እንደገና ይቆረጣል። ኤንዛይሙ ክሩን ሳይለቅ እንዲህ እየቆረጠ ይሄዳል። በእንዝርት የምትፈትል ሴት አስቡ፣ ፊልሙን ግን ወደ ኋላ አዙራችሁ፤ ክሩ ተመልሶ ባዘቶ ሲሆን።

ጃፓናውያኑ ኪዮሂኮ ኢጋራሺና ባልደረቦቹ ይህን በዓይን አዩት። በ2011 ባሳተሙት ሥራ በፈጣን አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ኤንዛይሞቹ በሴሉሎሱ ገጽ ላይ ሲራመዱ ቀረጹ፤ ፍጥነታቸው በሰከንድ 7 ናኖሜትር ገደማ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ አንድ ሜትር ለመሄድ አራት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ይበልጥ የሚያስቀው ደግሞ መንገድ ላይ መሰናክል ሲያጋጥመው ይቆማል፣ ከኋላው ያለውም ይቆማል፣ ሦስተኛውም ይቆማል። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ያለው የማታ ሰልፍ በአንድ የጥጥ ክር ላይ!

አሁን ቪዲዮው ያልነገራችሁ ነገር ላይ ደረስን። የተቆረጠው ጥንድ የሚቀመጠው የኋላው በር ላይ ነው። ወጥቶ ካልሄደ ክሩ አይሳብም። በዙሪያው ያለው ውሃ በሴሎባዮስ ከተሞላ ደግሞ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከውጭ ገብቶ በሩ ላይ ይቀመጣል። ኤንዛይሙ በራሱ ምርት ይታነቃል።

ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። እህሉ ከላይ ይፈሳል፣ ዱቄቱ ከታች ጆንያ ውስጥ ይገባል። ጆንያው ሞልቶ የሚያነሳው ሰው ከሌለ ዱቄቱ ወደ አፉ ይመለሳል፣ ወፍጮው ያቃስታል፣ ይቆማል። እህል ስላለቀ አይደለም። ሞተሩም ደህና ነው። ዱቄቱን የሚያነሳ ሰው ጠፍቶ ነው።

ሴሎባዮሱን የሚከፍለው ሦስተኛው ኤንዛይም መኖሩ ይረዳል፤ ስሙ ቤታ ግሉኮሲዴዝ ነው። ትራይኮደርማ ግን ይህን የሚተፋው ቆጥቦ ስለሆነ ከሌላ ሻጋታ፣ ብዙ ጊዜ ከአስፐርጊለስ፣ ይጨመርለታል። ችግሩ ያልቃል? አያልቅም፤ አንድ ቤት ይሻገራል። ይኸኛው ደግሞ በግሉኮስ ይታነቃል። ግሉኮሱ ሲበዛ ቤታ ግሉኮሲዴዝ ይደክማል፣ ሴሎባዮሱ ይጠራቀማል፣ ሴል ሰባት ኤ ይቆማል። ዱቄቱን የሚያነሳው ልጅ ራሱ ጆንያ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ሜምብሬን የሚገባው እዚህ ነው እንጂ እንጨቱን ስኳር ለማድረግ አይደለም። ሜምብሬን ምንም ነገር ወደ ምንም አይለውጥም። ዱቄት አንሺ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ቃል። «ስስ ሽፋን» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ሽፋን ግን የሚከድን እንጂ የሚለይ አይመስለኝም። «ወንፊት» ብንለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሥራው ያ ነውና። እንዲያ ስል ግን ባልደረቦቼ የጤፍ ወንፊት ትዝ ይላቸውና ይስቃሉ። ቀዳዳው እኮ በዓይንም በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም ይላሉ። ይሁን፤ ሜምብሬን እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ግሉኮስ በሞለኪውል ሚዛን 180 ዳልተን ይመዝናል፣ ሴል ሰባት ኤ ከ50,000 እስከ 65,000። ስኳሩን የፍየል ግልገል ብንለው ኤንዛይሙ ዝሆን ነው፤ ምሳሌውን ለማሳመር ያልኩት አይደለም፣ ሬሾው ልክ ያን ያህል ነው። ከ10,000 ዳልተን በላይ ያለውን የሚያግድ ሜምብሬን ብንዘረጋ ግልገሉ ያልፋል፣ ዝሆኑ ይቀራል። እንጨቱም ይቀራል። ውሃ በአንድ በኩል እየጨመርን በሌላ በኩል ስኳሩን በግፊት ብናወጣ ኤንዛይሙ አይታነቅም፣ ውዱ ኤንዛይምም አብሮ አይፈስም፤ ለሚቀጥለው እንጨት ይሠራል። ይህም ትናንት የተወለደ አይደለም። ታሩን ጎስና ጆን ኮስቲክ በዚያው በናቲክ ሆነው ስኳሩን እያወጡ ሴሉሎስን ያለማቋረጥ የማፍረስን ነገር በ1970 ጽፈውበታል።

ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን በየመንደሩ አልተተከለም? ጠላ ያጠለለ ሰው መልሱን ያውቃል። ድፍድፉን ጨርቅ ላይ ስታፈሱት መጀመሪያ እየጮኸ ይወርዳል። ቀጥሎ ይቀጥናል። ቀጥሎ ጠብ ጠብ ይላል። ጨርቁ አልተለወጠም፤ በላዩ የተነጠፈው አተላ አሁን ሌላ ጨርቅ ሆኗል፣ ከመጀመሪያው የጠበቀ። ሜምብሬኑም ላይ እንዲሁ ነው። ኤንዛይሙ ማለፍ አቅቶት ገጹ ላይ ይከማቻል፣ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ የሊግኒን ብናኝ ይጨመርበታል። ግፊት ብትጨምሩ አተላውን ይበልጥ ትጠቀጥቁታላችሁ። የምናደርገው ፈሳሹን ፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ በገጹ ላይ እየጠረገ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ይህ ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይታጠባል። ማጠቢያው ኮስቲክ ሶዳ ከሆነ ኤንዛይሙን ስለሚገድል አስቀድሞ ዕቃው መገልበጥ አለበት። መግቢያው ላይ ሜምብሬን አጠብኩ ያልኩት ይህንን ነው።

አንድ የጎን ጨዋታ፦ በገበያ ካሉት ሜምብሬኖች አንዱ ጥሩ ዓይነት የሚሠራው ከሴሉሎስ ነው። ለወተትም ለመድኃኒትም ይወደሳል። ለእኛ ሥራ ግን ጅብን ሥጋ ቤት ጥበቃ መቅጠር ነው። ስለዚህ ፖሊኢተርሰልፎን የሚባል ፕላስቲክ እንጠቀማለን።

እዚህ ላይ ከሙያዬ ሰዎች ጋር የምጨቃጨቅበት ቦታ ስለደረስኩ ቀስ ልበል። በወረቀት ላይ ሜምብሬን መታነቁን ያስቀራል እንላለን። እውነት ነው፣ ግን ከእነ«ግን»ዎቹ ነው። ሴሎባዮስ 342 ዳልተን ብቻ ስለሆነ ሳይከፈል ከግሉኮሱ ጋር ሾልኮ ይወጣል፤ ቸኩለን ካወጣን ያልተፈጨ እህል ከዱቄቱ ጋር አወጣን ማለት ነው። ከጓዱም ከ25,000 ዳልተን በታች የሚመዝኑ ኤንዛይሞች አሉ፤ የሜምብሬን ቀዳዳ ደግሞ ሁሉም እኩል ስላልሆነ ጥቂቶቹ ይጠፋሉ። የቀሩትም ዘላለም አይኖሩም። በ50 ዲግሪ ሙቀት ቀናት ሲቆዩ፣ በፓምፕ ሲናወጡ ይደክማሉ። ሌሎቹ ሊግኒኑ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ሊግኒኑ ሲጠረግ አብረው ይጠረጋሉ። «ኤንዛይሙ ደጋግሞ ይሠራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ የሚል ጥያቄ ይከተለዋል፤ መልሱም በእንጨቱ ዓይነት፣ እንጨቱ አስቀድሞ በእንፋሎት ወይም በአሲድ በምን ያህል ተከፈተ በሚለው ይለያያል። አስቀድሞ ያልተከፈተ ጥሬ ሰጋቱራ ላይማ ኤንዛይሙ ዓመት ቢቆም ብዙም አይቀንስለትም። ቪዲዮው ላይ የሚገባው ጥሬ ሰጋቱራ ነው።

ትልቁ ጭቅጭቅ ግን ሌላ ነው። ሌላው ወገን «ሜምብሬን ለምን? እርሾውን እዚያው ጨምሩት» ይላል። እርሾው ስኳሩን እንደተወለደ ይበላዋል፤ ዱቄት አንሺው ራሱ በላተኛ ሆነ ማለት ነው። ጠላም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ብቅሉና እርሾው በአንድ ጋን። መከራከሪያችን የሙቀት ጉዳይ ነበር። ኤንዛይሙ 50 ዲግሪ ይወዳል፣ እርሾው ከ30 እስከ 37፤ አንድ ጋን ውስጥ ካስገባናቸው አንዱ ይበርደዋል ወይ ሌላው ይቃጠላል። ይህ ክርክር አሁንም ዋጋ አለው፤ ግን ሙቀት የሚችል እርሾ ፍለጋው ቀጥሏል፣ በግሉኮስ ቶሎ የማይታነቁ የኤንዛይም ቅይጦችም ወጥተዋል። ወፍጮው መታነቁን ከተወ ዱቄት አንሺ መቅጠር ለምን?

ከሁሉ የሚያሳፍረን ደግሞ ውሃው ነው። ኤንዛይሙ እንዳይታነቅ ስኳሩ ቀጭን መሆን አለበት። አልኮል አንጥሮ ለማትረፍ ደግሞ ስኳሩ ወፍራም መሆን አለበት፤ በሙያው የተለመደው ልክ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 4 በመቶ አልኮል ነው፣ ለዚያም ከ8 በመቶ ያላነሰ ስኳር ያስፈልጋል። ከሜምብሬን የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀጥናል። እንግዲህ ውሃውን እናትነው? በቀላል ማሰሮ 8 ሊትር የፈላ ውሃ ለማትነን አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት መንደድ አለበት፣ ያውም ሙቀቱ ጨርሶ ካልባከነ። እንጨቱን ስኳር ለማድረግ እንጨት መማገድ። ከዚህ ለማምለጥ ሁለተኛ፣ ይበልጥ የጠበቀ ሜምብሬን እንጨምራለን፤ ያም ይደፈናል፣ ያም ይታጠባል።

ያለ ሜምብሬንም ቢሆን የተሞከረው ቀላል አልሆነም። ከገለባና ከሸምበቆ አልኮል ለማውጣት በ2013 ጣሊያን ክሬሸንቲኖ ላይ የተከፈተው ትልቅ ፋብሪካ በ2017 ቆመ። በአሜሪካ አዮዋ በ2015 የተመረቀውም እንዲሁ በ2017 ተዘጋ። እኛም አገር ቢሆን «ቆሻሻ» የሚባለው ነገር ሥራ ፈት አይደለም። የስኳር ፋብሪካዎች የአገዳውን ጭማቂ ከጨመቁ በኋላ ገለባውን አንድደው እንፋሎትና መብራት ያወጡበታል። ባሕር ዛፉም አጣና ነው፣ ማገዶ ነው። ሰጋቱራው ራሱ ምድጃ አለው።

ለአክስቴ የሰጠኋት ሒሳብ ይህ ነው። አንድ ኩንታል በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ 45 ኪሎ ያህል ሴሉሎስ ይኖረዋል እንበል። አንዲት ሳትጠፋ ከተፈጨች 50 ኪሎ ግሉኮስ ይሆናል፤ የጨመረው 5 ኪሎ በየቁራጩ የገባው ውሃ ነው። ያ ሁሉ ቢፈላ 32 ሊትር ገደማ አልኮል ይወጣዋል። በወረቀት ላይ ነው። በዕቃው ውስጥ ከዚህ ያንሳል፤ በምን ያህል ያንሳል የሚለው ነው የእኛ ደመወዝ።

«ታዲያ ያ ነጩ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ፤ ቪዲዮውን ልኬላት ነበር። አስፍቼ አየሁት። ከማሽኑ የሚዘንበው የሱቅ ስኳር ነው፣ እንክብሉ እንኳ ይታያል። ከእንጨት የሚወጣው እንዲያ አይደለም። ሜምብሬኑን አልፎ ብርጭቆ ውስጥ ሲጠራቀም ቀለሙ የተበረዘ ብርዝ ይመስላል፤ ቀጭን ነው፣ የተቀቀለ ቅጠል ይሸታል፣ ጣት ነክሮ ለቀመሰው ደግሞ ጣፋጩን ቀድሞ ምላስ ላይ የሚደርሰው ጨው ነው።